ቦዩን ተከትለን እንውጣ

በጀውሃ ወንዝ ዳር ሌሊት ውሃ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቃል፤ ተራው ደርሶ ውሃው ከዘገየ ገበሬ ማሳውን አይወቅስም። አካፋውን ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ ባትሪውን ያበራል፣ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ቦታ ቦዩ ተንዷል፤ አንድ ቦታ ደለል ሞልቶታል፤ አንድ ቦታ ሰው ያለ ተራው ወደ ራሱ ማሳ ጠልፎታል። የተናደውን ይገድባል፣ ደለሉን ይጠርጋል፣ በተራው ላይ ክርክር ከተነሣ የውሃ አባት ያስጠራል። ሽንኩርቱም ማሾውም የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ የዚህ ውሃ ልጆች ነን። ተራ ስንጠብቅ በሞባይል መብራት ያጠናን፣ የማሽላ ወፍ ስንጠብቅ በአንድ እጃችን ወንጭፍ በሌላው ደብተር የያዝን፣ የይፋት ቆላ ልጆች ነን። አንዳንዶቻችን በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና ሽቅብ ወጥተን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ጋቢ ደርበን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገብተናል። አንዳንዶቻችን በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርገን ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደርሰናል። አንዳንዶቻችን ገና የ12ኛ ክፍል ፈተና ፊት ቆመናል። ከመካከላችን ሕግ የምንማርና ሕግ ለመማር የምንመኝ ብዙዎች ነን። ይህ ጥሪ ለሁላችንም ነው፤ የሚነሣውም ከአንድ ጥያቄ ነው። ሕግ ተምረናል የምንለው በምን ተመዝነን ነው?

ይህ ጥያቄ ሩቅ ላለ ሰው የመምህራንና የመዝገብ ቤት ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ የአጣዬ ከተማ በግጭት ስትቃጠል፣ መከራው ለካራቆሬ፣ ለጀውሃና ለሸዋ ሮቢት ሲተርፍ፣ ጭሱን በዓይናችን አይተናል። በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሷል። ቤታቸውን ያጡትን፣ ልጃቸውን የቀበሩትን፣ ተፈናቅለው የተመለሱትንና እስከ ዛሬ ያልተመለሱትን እናውቃቸዋለን። ፍርድ የራቀበት ሰፈር ቂም እንደሚወርስ አይተናል፤ ቂም የወረሰ ልጅ ለልጁ ከቂም በቀር የሚያወርሰው እንደማይኖረው አይተናል። አያቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ያሳደጉን ይህን ቀድመው ስላወቁ ነው። ሰው በቅሎውን ቢያጣ እንኳ በፍርድ ከሆነ ይጸናል፤ አንዲት ጭብጦ ያለ ፍርድ ስትነጠቅ ግን አገር ይታወካል። ፍርድ የሚቆመው ሕግን በሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው የሚለየው ደግሞ ምዘና ነው።

ሕግ መማር ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። በወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘመን የከበረው የይፋት ሱልጣኔት መስጊዶች ፍርስራሽ ኖራ ላይና አስበሪ ላይ ዛሬም ይታያል። በይፋትና በአርጎባ መንደሮች ደረሶች ከሸኻቸው ፊት ተቀምጠው የእስልምናን ሕግ፣ ፊቅህን፣ ቀርተዋል። በደጋው አድባራት ደግሞ የመጻሕፍት ቤት ተማሪዎች ፍትሐ ነገሥትን ከመምህራቸው አፍ ተቀብለዋል። ሁለቱም ቤቶች ምዘና ነበራቸው፤ ምዘናቸውም ተማሪውን ከማወቅ ይጀምር ነበር። ሸኹ ደረሳው የቀራውን ካላረጋገጡ ገጹን አያስገለብጡትም። የኔታ የትናንቱ ሳይጸና የዛሬውን አይጨምሩም። የተሳሳተ ይታረማል፣ የታረመ ይደግማል፣ የደገመ ይጸናል። ከዚያም ወዲያ አደባባይ አለ፤ በላ ልበልሃ እያሉ የሚሟገቱ ሰዎች እውቀታቸውን በሕዝብ ጆሮ ፊት ያስመዝኑ ነበር። የተማረ ሰው መማሩ የሚታወቀው ሲጠየቅ በመመለሱ፣ ሲሟገት በመርታቱ፣ ሲፈርድ ባለማድላቱ ነበር።

በአሜሪካ ሕግ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ አንድ ዲግሪ ይይዛል፤ ያንን ጊዜ ቅድመ ሕግ ይሉታል። በእኛ አገር ግን ሕግ ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ 12ኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ከጋራ ትምህርት ዓመቱ በኋላ ወደ ሕግ ክፍል ይገባል። እንግዲያውስ የእኛ ቅድመ ሕግ የት ነው? የእኛ ቅድመ ሕግ የውሃ ተራው ነው። የእኛ ቅድመ ሕግ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኝበት፣ በአንድ ምርቃት የሚታረቅበት ኑሮ ነው። የእኛ ቅድመ ሕግ ጣሪያው በላያችን እያፈሰሰ የተማርንበት ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ምን ይዞ እንደደረሰ ማወቅ የሚሻ ሁሉ ይህን ቦይ ተከትሎ መውጣት አለበት።

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫው፣ በ1952 የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕግ ወጡ፤ በ1956 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ የሕግ ምሩቅ የሚወጣው ከዚያ አንድ ቤት ብቻ ነበር። ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት በየክልሉ ተከፍቷል፤ የቆላ ልጅም ጠበቃና ዳኛ የመሆን ተስፋ አግኝቷል። በሩ ሲሰፋ ግን ጥያቄውም አብሮ ሰፋ፤ የሚገባው ሁሉ አውቆ ይወጣል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ቀድመው የቆሙት የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ሌላው ተማሪ የመውጫ ፈተናን ከማወቁ ከ10 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሕግ ተማሪ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይቀመጥ ነበር። በ2015 ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሆነ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ የሆነውን እናስታውሳለን። በመላ አገሪቱ 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 62.37 በመቶው፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 በመቶው ብቻ አለፉ። ከዚያ በፊት በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ግማሹን ነጥብ ያገኙት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። ቁጥሮቹን ያነበበ ሁሉ ደነገጠ። አንዱ «ትውልዱ ሰነፍ ነው» አለ፤ ሌላው «ፈተናው ከባድ ነው» አለ። ማሳውን የወቀሰ በዛ፤ አካፋ ያነሣ አነሰ።

እኛ አካፋውን እናንሣ። የፈተና ውጤት ውሃ አለመድረሱን የሚነግር ምልክት ነው፤ ቦዩ የት እንደተናደ ግን ራሱ አይነግርም። እርሱን የሚያውቅ ሽቅብ የወጣ ብቻ ነው። ሽቅብ ስንወጣ ምን እናገኛለን? ግጭት የዘጋው ትምህርት ቤት እናገኛለን፤ በመፈናቀል መካከል ሁለት ክፍል ያመለጠው ልጅ እናገኛለን። መጽሐፍ ሳይኖረው መጽሐፍ ከሞላባቸው ቤቶች ልጆች ጋር የተመዘነ ተማሪ እናገኛለን። ፈተናው የሚለካው ሁላችንንም እኩል አድርጎ ነው፤ ቦዩ ግን ለሁላችን እኩል አልመጣም። ይህን የምንለው ከመመዘን ለማምለጥ አይደለም። የተናደውን ያላየ ሰው ሊጠግነው ስለማይችል ነው።

ሽቅብ ስንወጣ ሌላም እናገኛለን። ሕግን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። የሸዋ ሮቢት ችሎት ግን የሚያስችለው በአማርኛ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዘን ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስንገባ ችሎቱ ኦሮምኛ ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው ቢሆንም፣ ሕግ ሆኖ የታወጀው በአማርኛ ነው። ጭብጥ፣ ይርጋ፣ መቃወሚያ፣ ይግባኝ የሚሉት ቃላት የእንጀራችን ቃላት ናቸው፤ ግን ስንቶቻችን ነን ዲግሪ ጨብጠን አንድ የጠራ የክስ አቤቱታ በአማርኛ መጻፍ የሚቸግረን? ከፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊ አምስት ዓመት ከተማረው ልጅ የተሻለ አቤቱታ ከጻፉ፣ ያልተመዘነ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ መብት በ10 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። በፈተና ላይ ይህን የሳተ ተማሪ አንድ ነጥብ ያጣል። በሥራ ላይ የሳተው ጠበቃ ግን አንዲት ባልቴት የለፉበትን ገንዘብ ያሳጣቸዋል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ሰጥቶታል። በፈተና ላይ 48ን በ72 የተካ አንድ ጥያቄ ይስታል። በሥራ ላይ የዘነጋው ግን የአንድን ወጣት ሌሊቶች ይበላል። ስሕተታችን በወረቀት ላይ ሳለ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን፤ ከወረቀት ከወጣ በኋላ ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ስለዚህ እንመዘን። ዛሬ፣ በወረቀት፣ በመምህራችን ፊት እንመዘን፤ ነገ በድሃ እንባ እንዳንመዘን።

ደግሞም ሙሉ ሆነን እንመዘን። ከአራት ፊደል አንዱን መምረጥ የእውቀትን አንድ ጥግ ያሳያል፤ አገር የሚፈልገው ግን ከዚያ ይሰፋል። የተዘበራረቀ ታሪክ ሰምተን ጭብጡን ማውጣት እንችል እንደሆነ ይታይ። ክስም መልስም፣ ይግባኝም መጻፍ እንችል እንደሆነ ይታይ። በምስለ ችሎት ቆመን፣ ወገናችን ያልሆነውን ወገን በቅንነት መከራከር እንችል እንደሆነ ይታይ። ለተግባር ልምምድ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ስንላክ፣ ወረቀት ማስፈረማችን ሳይሆን የተማርነው ይታይ። ሕጉን በማያነቡ እናት ቋንቋ ማስረዳት እንችል እንደሆነ ይታይ። ሸኹና የኔታ እንዳደረጉት፣ የተሳሳትነው ተለይቶ ይነገረን፤ ታርመን እንድገም፣ ደግመን እንጽና። እርማት የሌለው ነጥብ፣ ምክር የሌለው «ወድቀሃል» ማንንም አያቀናም።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ይህን ስንላችሁ ድካማችሁን ዘንግተን አይደለም። የክፍሉን ብዛት፣ የደመወዙን ማነስ፣ የመጽሐፉን እጥረት አብረን ኖረነዋል። ግን ለምነናችኋል፤ ነጥብ አትቸሩን፣ እውነቱን ንገሩን። ያዘናችሁልን መስሏችሁ ያሳለፋችሁን ዕለት ነገ ከፊታችን የሚቆመውን ባለጉዳይ ትጎዳላችሁ። የወደቅንባቸውን ጥያቄዎች ሰብስባችሁ ትምህርቱን መርምሩበት፤ አንድ ክፍል ሙሉ የሳተው ጥያቄ ካለ የተናደው ቦይ እዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ የማለፊያ መቶኛን ለሪፖርት ብቻ አትቁጠሩ፤ ያላለፈው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጎደለው፣ ማን እንደሚደግፈው ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ጥሪው ወደ ራሳችን ይመለሳል። በመካከላችን ያለውን ነውር በስሙ እንጥራው። ኩረጃ ነውር ነው። በኩረጃ የተገኘ ነጥብ ያለ ተራው የተጠለፈ ውሃ ነው፤ ያንዱን ማሳ ያረጥብ ይሆናል፣ የሌላውን ግን ያደርቃል። በስርቆት ፈተና ያለፈ ነገ በምን አንደበት «ሌባ» ብሎ ይከሳል? በገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጻፈ ነገ በምን ፊት ጉቦ በተቀበለ ላይ ይፈርዳል? የሕግ ሰው የመጀመሪያው መዝገብ የራሱ ፈተና ነው፤ የመጀመሪያው ችሎት የራሱ ኅሊና ነው። ፈታኝ ዞር ባለበት ሰዓት ያደረግነው፣ ዳኛ ሆነን ማንም በማያየን ሰዓት የምናደርገው ነው። እንግዲህ እንማማል። በራሳችን ላብ እንለፍ፤ ብንወድቅም በክብር ወድቀን፣ አጥንተን እንነሣ።

ከዚያም ያወቅነውን እናካፍል። የ1992ቱ የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። እኛ ገና ጠበቃ አይደለንም፤ በችሎት የመቆም ፈቃድም የለንም። የምናውቀውን ማስረዳት ግን ማን ይከለክለናል? ክረምት ሲደርስ ወደ ቤት እንመለሳለን። ያን ጊዜ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ምን እንደሚል ለማያውቁ እናቶች እናንብብላቸው። ልጃቸው በታሰረባቸው ቀን ወዴት እንደሚሄዱ ለጨነቃቸው አባቶች መንገዱን እናሳያቸው። ለጉዳዩ ጠበቃ የሚያስፈልግ ከሆነ በየዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ወደተከፈተው ነፃ የሕግ ድጋፍ እናድርሳቸው። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየማታው አንድ ክፍል ከፍተን እናስጠና። አማርኛ የምናውቅ ኦሮምኛ እንማር፤ ኦሮምኛ የምናውቅ አማርኛችንን እናጥራ፤ ከሁለታችን አንዳችንም ያልተረዳናት እናት እንዳትኖር። ይህም ምዘና ነው፤ ፈታኟ እናታችን ናት፣ ነጥቡም ምርቃቷ ነው።

ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ በ1957 የካቲት «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። የጠየቀው ትልቅ ነበር፤ የከፈለውም ትልቅ ነበር። የእኛ ተራ ሌላ ጽናት ይጠይቃል። ጠብመንጃ በተናገረበት ምድር ላይ ሕግ እንዲናገር ማድረግ የእኛ ተራ ነው። ብሔሩን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዳኛ፣ ስልክ ተደውሎለት የማይታጠፍ ዐቃቤ ሕግ፣ የድሃን መዝገብ ከባለጠጋ መዝገብ እኩል የሚያጠና ጠበቃ ማፍራት የእኛ ተራ ነው። የሸዋ ሮቢትን ማረሚያ ቤት አጥር እያየን ያደግን ነንና፣ በዚያ አጥር ውስጥ ያለ ፍርድ የሚቆይ እንዳይኖር፣ ከዚያም ውጭ ያለ ፍርድ የሚበደል እንዳይኖር መትጋት የእኛ ተራ ነው። ቂምን በመዝገብ መተካት፣ ደምን በፍርድ መተካት፣ ሥጋትን በእምነት መተካት የእኛ ተራ ነው።

በዚህ አገር አንድ ታላቅ ቃል ነበር። ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ይል ነበር፤ የተነሣው ዱላ ከተነሣበት ይቆም ነበር። ቃሉን ያለው ሰው ሠራዊት አልነበረውም፤ መሣሪያ አልነበረውም። ያቆማቸው ሕግ ከሁለቱም በላይ መሆኑን ሁለቱም ማመናቸው ነበር። ይህ እምነት ዛሬ ቆስሏል። የሚፈወሰው በአዋጅ ብዛት አይደለም፤ ሕግ የተማረ ሰው ሲናገር ሕዝብ «ይህ ያውቃል፣ ይህ አይሸጥም» ብሎ ሲያምን ነው። ያንን እምነት አንድ በአንድ፣ ፈተና በፈተና፣ መዝገብ በመዝገብ እንሥራው። ነገ በጀውሃ መንገድ ላይ አንዲት ልጅ «በሕግ አምላክ!» ብትል፣ የተነሣው ሁሉ እንዲቆምላት እንሥራው።

እኅቶቻችን፣ ወንድሞቻችን፤ ውሃው በእኛ ማሳ ላይ አይቀርም። የላይኛው ለታችኛው ካልለቀቀ መስኖ የለም፤ ይህን የውሃ አባት ገና በልጅነታችን አስተምረውናል። ያወቅነውን ሁሉ የተቀበልነው ከላይ ነው፤ ሸኹ፣ የኔታ፣ መምህሮቻችን፣ ማሾ ሸጠው መጓጓዣ የሰጡን እናቶቻችን ለቀውልን ነው። ዕዳችን ወደ ታች ይከፈላል። እንግዲህ በዚህ ዓመት በእውነት እንማር፣ በሐቅ እንመዘን፣ የተናደውን ፈልገን እንጠግን። አካፋችንን እናንሣ። ከእኛ በታች ተራውን የሚጠብቅ ልጅ አለ።